ልጅዋን በእጁ ያወቀች እናት

በኤውሮፓ አቈጣጠር በ1881 ዓመት አሜሪካዊው ደራሲ ማርክ ትዌን ባሳተመው «ልዑሉና ድኻው» በተባለው ልብ ወለድ፤ የእንግሊዝ አልጋ ወራሽ ኤድዋርድና ቶም የሚባል የድኻ ልጅ መልካቸው ፍጹም አንድ ነበረና ለጨዋታ ልብስ ተለዋወጡ። ዘበኛው ቡቱቶ የለበሰውን ልዑል በጥፊ መትቶ ከደጅ አስወጣው፤ መኳንንቱም ለቶም እጅ ነሡ። ቶም የመንግሥቱን ታላቅ ማኅተም ምንነቱን ሳያውቅ ለውዝ ሲሰብርበት ከረመ፤ (ይህን ያነበበ የጽሕፈት ቤት ሰው ሳይሥቅ አይቀርም)።

እናቱን ግን ልብሱ አላታለላትም። በዘውዱ በዓል ሰልፍ ቶም ከሕዝቡ መካከል እርስዋን ቢያይ ደንግጦ፤ እንደ ሕፃንነቱ ልማድ መዳፉን ወደ ውጭ መልሶ ዓይኑን ጋረደ። እርስዋም በዚህ ምልክት አውቃው ዘበኞቹን ጥሳ እግሩን አቀፈች። ቶም አላውቃትም ብሎ ካዳት፤ ወታደርም ጐትቶ ወሰዳት። ከዚያች ሰዓት ጀምሮ የሕዝቡ እልልታ መራራ ሆነበት፤ እውነተኛው ንጉሥ በደረሰ ጊዜም ዙፋኑን ደስ እያለው ለቀቀ።