ሙቀት የሚፈታው መድኃኒት

ኢንሱሊን ትንሽ ፕሮቲን ነው፤ አሚኖ አሲዶቹ 51 ብቻ ናቸው። 21ዱ በአንድ ክር፣ 30ዎቹ በሌላ ክር ይደረደሩና ሁለቱ ክሮች በሰልፈር ተያይዘው ይጠቀለላሉ። መድኃኒት የሚያደርገው አጠቃለሉ ነው። ሙቀት ሲበረታበት ወይም ብዙ ሲናጥ ጥቅሉ ይላላል፤ የላሉት ሞለኪውሎች እርስ በርስ ተጣብቀው ቃጫ ይሠራሉ፤ እንደ ውሃ የጠራው ፈሳሽ ይደፈርሳል። ቃጫ የሆነ ኢንሱሊን ስኳር አያወርድም።

ሳይንሱ ይህን ሞለኪውል ጠንቅቆ ያውቀዋል። ፍሬድሪክ ሳንገር የአሚኖ አሲዶቹን ቅደም ተከተል አግኝተው እ.ኤ.አ. በ1958 ኖቤል ተሸለሙ፤ ዶሮቲ ሆጅኪን በ1969 ቅርጹን በኤክስሬይ አሳዩ። ከዚያ ወዲህ የተሠራው ያስደንቃል። ኢንሱሊን በብልቃጥ ውስጥ ስድስት ስድስት እየሆነ በዚንክ ዙሪያ ይሰበሰባል፤ ከቆዳ ሥር ከተወጋ በኋላ ወደ ደም የሚዘልቀው ሲበታተን ነው። በ1996 የወጣው ሊስፕሮ ከተፈጥሮው ኢንሱሊን የሚለየው ጎረቤታሞቹ ፕሮሊንና ላይሲን ቦታ በመለዋወጣቸው ብቻ ነው። በዚህች ለውጥ ስብስቡ ቶሎ ይፈርሳል፤ መድኃኒቱም ቶሎ ይሠራል። ግላርጂን በተቃራኒው ከቆዳ ሥር ረግቶ ቀስ በቀስ እንዲለቀቅ ተደርጎ ተሠራ።

ፈጣኑም ዘገምተኛውም ተገኘ። ያለ ፍሪጅ የሚከርመውስ? አሜሪካዊው ተመራማሪ ማይክል ዋይስ ሁለቱን ክሮች በአጭር ማያያዣ አንድ አድርገው ሙቀት የሚቋቋም ኢንሱሊን ለማግኘት ለዓመታት ደክመዋል። ጥናቱ ተስፋ ሰጪ ነው፤ ሆኖም ገበያው ዓይኑን የጣለው ፍሪጅ ባለው ቤት ላይ ስለሆነ እንዲህ ያለው ሥራ የሚገባውን ትኩረት አላገኘም።

ትልቁን እፎይታ ያመጣው አዲስ ሞለኪውል ሳይሆን ልኬት ነው። በኬንያ ዳዳብ የስደተኞች ካምፕ ቤታቸው ፍሪጅ የሌላቸው የስኳር ሕሙማን ለመርፌ በየቀኑ ሆስፒታል መመላለስ ነበረባቸው። ድንበር የለሽ ሐኪሞችና የጄኔቫ ዩኒቨርሲቲ የካምፑን የቀንና የሌሊት ሙቀት፣ ከ25 እስከ 37 ዲግሪ የሚዋዥቀውን፣ በቤተ ሙከራ አስመስለው ኢንሱሊኑን ለ4 ሳምንት አቆዩት። በ2021 ይፋ እንደሆነው፣ የኃይሉ ቅናሽ ከ1 በመቶ አልበለጠም፤ በእንዲህ ያለ ሙቀት ብልቃጡን ለ4 ሳምንት ያለ ፍሪጅ ቤት ውስጥ ማቆየት ይቻላል ማለት ነው።

በኢትዮጵያ ገጠርም ብልቃጡን በሸክላ ዕቃና በእርጥብ አሸዋ የሚያቆዩ ሕሙማን አሉ። ከሸክላው የሚተነው ውሃ ሙቀቱን ይዞ ስለሚሄድ ዘዴው ያቀዘቅዛል፤ ዕቃው ጥላና ነፋስ ባለበት ይቀመጥ። ፀሐይ የሚያገኘው መስኮት ግን ለብልቃጡ አይሆንም። ፍሪጅ ያለውም በረዶ ቤት ውስጥ አያስገባው፤ አንዴ በረዶ የሆነ ኢንሱሊን ቢቀልጥም መጣል አለበት። የጠራ መሆን የሚገባው ፈሳሽ ከደፈረሰ፣ አትውጉት፤ ወደ ጤና ጣቢያ ይዛችሁት ሂዱና አስቀይሩት።