ሚስት ያላቸው የካቶሊክ ቀሳውስት

በኦርቶዶክስ ደብር ያደገ ሰው የቄስ ትዳር አያስገርመውም። ዲያቆኑ ቅስና ከመቀበሉ በፊት ያገባል፤ ሚስቱ ብትሞትበት ሌላ አያገባም፤ ጵጵስና ደግሞ የመነኮሳት ነው። ይህ ሰው የካቶሊክ ጎረቤቱን «ቄሳችሁን ለምን ሚስት ትከለክሉታላችሁ?» ብሎ መጠየቁ አይቀርም። ጎረቤቱም ብዙ ጊዜ «ሥርዓታችን ነው» ብሎ ያልፈዋል። ሁለቱም ያልተናገሩት ነገር አለ፦ ሚስትና ልጆች ያሏቸው የካቶሊክ ቀሳውስት በዓለም ላይ በሺዎች ይቆጠራሉ።

የካቶሊክ ቤተ ክርስቲያን አንድ ወጥ ሥርዓት ያላት አይደለችም። ትልቋ የላቲን ሥርዓት የምትከተለው ናት፤ ከእሷ ጋር ግን በሮም ሥር የሚተዳደሩ 23 የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት አሉ። በዩክሬንና በሩማንያ ግሪክ ካቶሊኮች፣ በሊባኖስ ማሮናውያን ዘንድ ያገባ ሰው መቀሰሱ የቆየ ልማድ ነው። ደንቡም እኛ ከምናውቀው አይለይም፦ ማግባት ከክህነት በፊት እንጂ በኋላ የለም። የኢትዮጵያና የኤርትራ የግእዝ ሥርዓት ካቶሊኮችም ከእነዚህ አብያተ ክርስቲያናት ይቆጠራሉ። አዲስ አበባ፣ ዓዲግራትና እምድብር የግእዝ ሥርዓት ሀገረ ስብከቶች ናቸው፤ በደቡብ ያሉት ሐዋሳን፣ ሶዶንና ሆሳዕናን የመሳሰሉት ግን ላቲን ናቸው። በ1990 (ዘመናቱ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው) የወጣው የምሥራቅ አብያተ ክርስቲያናት ሕግ ያላገባውንም ያገባውንም ካህን አክብሮ ይጠቅሳል፤ ዝርዝሩን ለየቤተ ክርስቲያኑ ሕግ ይተወዋል።

ታዲያ የላቲኑ ክልከላ ከየት መጣ? ጴጥሮስ አማት እንደነበረችው ወንጌል ይነግረናል፤ ጳውሎስ ደግሞ ሳያገቡ መኖርን ያወድሳል። ሁለቱም ወገን ጥቅስ አያጣም። በ4ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ስፔን ውስጥ ኤልቪራ ላይ የተሰበሰቡ ጳጳሳት ያገቡ ካህናት ከሚስቶቻቸው እንዲታቀቡ አዘዙ። ትእዛዙ ግን ለብዙ ዘመን በወረቀት ላይ ቀረ። በ11ኛው ክፍለ ዘመን ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ጎርጎርዮስ 7ኛ ጉዳዩን አጥብቀው ያዙት፤ በ1139 ሁለተኛው የላተራን ጉባኤ ካህን ከተቀባ በኋላ የሚፈጽመው ጋብቻ እንደ ጋብቻ እንደማይቆጠር ደነገገ። ከመንፈሳዊው ምክንያት ጎን የርስት ነገርም ነበረበት፤ የቄስ ልጅ የቤተ ክርስቲያኑን መሬት እንደ አባቱ ንብረት ይወርስ ነበርና። ስለዚህ ነገሩ ሕግ እንጂ የእምነት አንቀጽ አይደለም። ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ፍራንሲስም በመጋቢት 2023 በሰጡት ቃለ መጠይቅ ጊዜያዊ ድንጋጌ ብለውታል። እኚሁ ሰው ግን በ2019 ከፓናማ ሲመለሱ ሕጉን ከመለወጥ ነፍሴን ብሰጥ እመርጣለሁ የሚለውን የጳውሎስ 6ኛ ቃል እንደሚጋሩ ለጋዜጠኞች ተናግረዋል።

ሕጉ ምን ያህል ዋጋ እንዳስከፈለ ለማየት ወደ አሜሪካ ሚኒያፖሊስ ልውሰዳችሁ። በታኅሣሥ 1889 አሌክሲስ ቶት የተባለ የምሥራቅ ሥርዓት ካቶሊክ ቄስ፣ ከዛሬዋ ስሎቫኪያ አካባቢ የመጡ ስደተኞችን ሊያገለግል ደርሶ፣ ሊቀ ጳጳስ ጆን አየርላንድ ፊት ቀረበ። ቶት ራሱ በኋላ እንደተረከው፣ ሊቀ ጳጳሱ ሚስት እንዳለው ጠየቁት። የለችኝም አለ። ነበረችህ ወይ ሲሉት፣ ሞታብኛለች አለ። ሊቀ ጳጳሱም ቶት ያቀረበውን ወረቀት ጠረጴዛው ላይ ወርውረው እንዲህ ያሉ ቄሶች እንዳይላኩ ለሮም መጻፋቸውን ነገሩት። እንግዲህ ይህ ሰው ሚስቱ ሞታ እንኳ ምሕረት አላገኘም። ቶት በ1891 ምእመናኑን ይዞ ወደ ሩሲያ ኦርቶዶክስ ገባ፤ በቀጣዮቹ ዓመታትም ብዙ ሺዎች ተከተሉት። የአሜሪካ ኦርቶዶክስ ቤተ ክርስቲያን በ1994 ከቅዱሳን ቆጠረችው። ሮም ከዚህ ትማራለች ሲባል ያገቡ የምሥራቅ ሥርዓት ካህናት በአሜሪካ እንዳያገለግሉ የሚለውን ክልከላ በ1929 በአዋጅ አጸናችው፤ ሌላ መከፋፈልም አስከተለ። ይህ ክልከላ የተነሣው በ2014 ነው።

በሌላ በኩል በ1980 ዮሐንስ ጳውሎስ 2ኛ ያገቡ የአሜሪካ ኤጲስቆጶሳውያን (አንግሊካን) ካህናት ወደ ካቶሊክ ሲመጡ ከነትዳራቸው እንዲቀሰሱ ፈቀዱ፤ በ2009 ቤኔዲክት 16ኛ ለአንግሊካኖች በሩን የበለጠ ከፈቱ። ከውጭ የመጣው ሚስቱን እንደያዘ ሲቀድስ፣ እዚያው ተወልዶ ያደገው ካቶሊክ ሁለቱን አያገኝም። እኔ ለዚህ አጥጋቢ መልስ ሲሰጥ አልሰማሁም።

ክርክሩ ጫፍ የደረሰው በጥቅምት 2019፣ የአማዞን ሲኖዶስ ሮም ላይ ሲካሄድ ነው። በጫካው ውስጥ ያሉ ማኅበረሰቦች ቄስ ሳያዩ ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ያልፋሉ፤ ቄስ ከሌለ ቅዳሴና ቁርባን የለም። ጳጳሳቱ በማኅበረሰባቸው የተመሰገኑ ያገቡ ዲያቆናት እንዲቀሰሱ በ128 ድምፅ ደገፉ፤ 41 ተቃወሙ። ሁሉም ውሳኔውን ሲጠብቅ በየካቲት 2020 የወጣው የፍራንሲስ ሰነድ ጉዳዩን ሳያነሣው አለፈ።

አንዳንድ ካህናት በሕፃናት ላይ የፈጸሙት የወሲብ ጥቃት ቅሌትም ከዚሁ ጋር ይያያዛል፤ አያያዙ ግን ብዙ ጊዜ ችኩል ነው። የአውስትራሊያ ንጉሣዊ መርማሪ ኮሚሽን በ2017 እንዳስቀመጠው፣ አለማግባት የጥቃቱ ቀጥተኛ ምክንያት ባይሆንም ከሌሎች ነገሮች ጋር ሲደመር አስተዋጽኦ አድርጓል። ያገቡ አባቶችም ልጅ ይበድላሉ፤ ትዳር መድኃኒት ነው የሚል ሰው ትዳርንም ሕፃናትንም አያውቅም።

በእኔ ግምት ትልቁ እንቅፋት ያለው ከመጽሐፉ ይልቅ ከኪሱ ነው። ለአንድ ብቸኛ ሰው የሚበቃው የቁምስና ገቢ ስድስት ነፍስ ላለው ቤተሰብ አይበቃም፤ ጳጳሱም ልጆቹ ትምህርት ቤት የገቡበትን ካህን እንደ ልቡ አያዛውረውም። ቄሱ ቢፋታስ? የእኛ የገጠር ቄስ ሞፈርና ቀንበር ይዞ ስለሚያርስ ቤቱን ይመግባል፤ የሚላን ወይም የቺካጎ ቄስ ምን ያርሳል?

በግንቦት 2025 የተመረጡት ርእሰ ሊቃነ ጳጳሳት ሊዮ 14ኛ ሕጉን አልነኩትም። ነገ ቢለወጥ እንኳ የሚጠቀመው ሚስት ያለውና ቅስና የሚፈልገው እንጂ ዛሬ መንበር ላይ ያለው ካህን አይደለም፤ ከተቀቡ በኋላ ማግባት በምሥራቁም በምዕራቡም የተከለከለ ነው።