ርካሹ ቪኤይት እና የሻንሲ ቁጥሩ

ባለፈው ሳምንት ከገዳሪፍ ስልክ ተደወለልኝ። ደዋዩ የማውቀው የግመል ደላላ ነው፤ የዚያን ቀን ዕቃው ግን ላንድክሩዘር ነበር። «ቪኤይት ነው፣ ባለ ናፍጣ፣ የ2013 ሞዴል። ባለቤቱ ገንዘብ ስለቸገረው በግማሽ ዋጋ ይለቀዋል» አለኝ። ወዲያው ስድስት ፎቶ ላከ። ነጩ ቀለም፣ የቆዳው ወንበር፣ በፊት ወንበሮቹ መካከል ያለችው ማቀዝቀዣ ሳትቀር በደንብ ትታያለች። የሻንሲ ቁጥሩን እንዲያነሳልኝ ጠየቅሁት። «ነገ» አለ።

እንዲህ ያለ ጥሪ ከእናንተም ለብዙዎቻችሁ ይደርሳል። የዛሬው ጽሑፍም ስለ መኪናው ነው። ነገሩ የጀመረው ግን ዴም ስለሆነ ከዚያ ብነሳ ይሻላል።

ከጦርነቱ በፊት ከብቱን ሸጦ ሒሳቡን ካርቱም ላይ የሚቀበል የኛ ሰው ማረፊያው ዴም ነበር። ጀበናው እዚያ፣ እንጀራው እዚያ፣ የአገር ቤት ወሬ እዚያ፤ የመኪና ደላላውም ቡናው ድረስ ይመጣል። በእጅ ያለው የሱዳን ፓውንድ ነው፤ ፓውንዱ ደግሞ በየቀኑ ይቀልጣል። በየካቲት 2013 ዓ.ም. የሱዳን መንግሥት ይፋዊውን ምንዛሪ ለአንድ ዶላር ከ55 ፓውንድ ወደ 375 ሲያወጣው፣ ገንዘቡን በባንክ ያስቀመጠ ሰው ምን እንደተሰማው አንባቢው አይጠፋውም። ስለዚህ የካርቱም ነጋዴ እንደሚያደርገው የኛም ሰው መኪና ገዝቶ ያቆም ነበር። ለመንዳት ሳይሆን ለማስቀመጥ። ላንድክሩዘር በፈለጉት ቀን ገዢ ስለማያጣ ከሁሉም ይመረጥ ነበር። በዚያ ጊዜ ስሌቱ የሞኝ ስሌት አልነበረም።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ካርቱም ውስጥ ተኩስ ሲጀመር ግን በግቢ የቆመው ካዝና ጎማ ያለው ካዝና መሆኑ ታየ። መኪና ከየቤቱ ተነድቶ ሄደ። ተዋጊ ከምንም በፊት የሚፈልገው ላንድክሩዘርና ፒክአፕ ነው። በሺዎች የሚቆጠሩ መኪኖች ተዘርፈው ወደ ምዕራብና ወደ ጎረቤት አገሮች ተሻገሩ፤ ሠራዊቱ በመጋቢት 2017 ዓ.ም. ዋና ከተማዋን መልሶ ከያዘ በኋላም ባለቤቶቹ ገና እየፈለጓቸው ነው። ዛሬ «በግማሽ ዋጋ» የሚባለው ቪኤይት የአንዱ የካርቱም ሰው፣ ምናልባትም የዴም ጎረቤታችሁ፣ ንብረት ሊሆን ይችላል።

ለዚህ ነው ከሞተሩ በፊት ቁጥሩን የማስቀድመው። ይህን ያስተማረኝ ዴም ውስጥ የነበረ አንድ መካኒክ ነው። እኔ ቆዳውን ስዳስስ እሱ መሬት ላይ ተኝቶ በፊት ቀኝ ጎማ በኩል ያለውን የሻንሲ ብረት ናፍጣ በነካ ጨርቅ ይጠርግ ነበር። ከጭቃው ሥር አዲስ ቀለም፣ ከቀለሙ ሥር ደግሞ የመፍጫ ጭረት ወጣ፤ ቁጥሮቹም አንዱ ከፍ አንዱ ዝቅ ብለው የቆሙ ነበሩ። ያን ጊዜ በሊቢያና በቻድ በኩል ቀረጥ ሳይከፈልባቸው የሚገቡት፣ ሱዳኖች «ቦኮ ሐራም» የሚሏቸው መኪኖች ገበያውን ሞልተውት ነበር። ቡናችንን ጠጥተን ተነሳን።

ቁጥሩ 17 ፊደልና አኃዝ ነው። ጃፓን የተሠራ ላንድክሩዘር ወይም ፓትሮል ከሆነ የመጀመሪያው ፊደል ጄ ነው። ብረቱ ላይ የተመታው፣ በበሩ ምሰሶ ወይም በሞተር ክፍሉ ሰሌዳ ላይ ያለው፣ ሊብሬው ላይ የተጻፈው አንድ መሆን አለባቸው። ሻጩ ስንት ቁልፍ እንዳለው ጠይቁ፤ የተዘረፈ መኪና ሁለተኛው ቁልፍ ብዙ ጊዜ ከእውነተኛው ባለቤት ኪስ አልወጣም። በተውኪል ብቻ የሚሸጥ ከሆነ፣ በተለይ ተውኪሉ ሦስት አራት እጅ ከዞረ፣ ሊብሬው ላይ ስሙ ያለውን ሰው ካይሮም ይሁን ፖርት ሱዳን በቪዲዮ ደውላችሁ ፊቱን ከመታወቂያው ጋር አስተያዩ። በሱዳን በኩል ሙሩር ማለትም ትራፊክ ፖሊስ ሳያረጋግጥላችሁ ገንዘብ አታንሱ። በሬ ስትገዙ ጥርሱን ሳታዩ ቀብድ ትሰጣላችሁ?

ቁጥሩ ንጹሕ ከሆነ ወደ ሞተሩ እንሂድ። 200 የሚባለው ላንድክሩዘር እ.ኤ.አ. በ2007 ወጥቶ በ2021 በ300 ተተካ። ለኛ ሥራ የሚሻለው ባለ 4.5 ሊትሩ ናፍጣ ነው፤ ስምንት ሲሊንደርና ሁለት ቱርቦ አለው። መጀመሪያ ዓመታት የተሠሩት ዘይት የመብላት ጠባይ ስላላቸው የዘይት ዘንጉን አውጥታችሁ እዩ። ዋናው ጠላቱ ግን ከበርሜል የሚቀዳ ውኃና ቆሻሻ ያለው ናፍጣ ነው። ስምንት ኢንጀክተር መቀየር የአንድ ጭነት ትርፍ ይበላል። የአየር ማጣሪያው ቤት በደንብ ካልገጠመም የበረሃው አቧራ ሞተሩን ከውስጥ ይሞርደዋል።

300ውን ሰዉ «አዲሱ ቪኤይት» ይለዋል፤ ከቪኤይት ግን ስሙ ብቻ ነው የቀረው። ሞተሩ ስድስት ሲሊንደር ነው፤ ናፍጣው 3.3 ሊትር። ከ200ው ወደ 200 ኪሎ ይቀላል፣ ጉልበቱም ይበልጣል። መንገድ ላይ ሲቆም የሚያውቀው መካኒክና የሚያነበው ኮምፒዩተር ግን ገዳሪፍ ላይ በቀላሉ አይገኝም። በ2010 የወጣው ኒሳን ፓትሮል ባለ 5.6 ሊትር ቤንዚን ነው፤ 140 ሊትር ታንኩን እንደ ግመል ይጠጣዋል፣ ግመል ግን ከዚያ በኋላ ቀናት ይቆያል። ሌክሰስ 570 ለሠርግ ነው። በሃይድሮሊክ የሚወርድና የሚነሳው እግሩ አንዴ ከፈሰሰ ያለቅሳችሁ። (የመኖች የድሮውን 80 በግብጻዊቷ ተዋናይ ላይላ ዕልዊ፣ 100ውን ደግሞ ሞኒካ ብለው ሰይመውታል። ለዚህኛው ስም ያላወጡለት የጥገናውን ሒሳብ አይተው ይሆናል።)

መንገዱን ታውቁታላችሁ። ከካርቱም ገዳሪፍ 400 ኪሎ ሜትር ያህል፣ ከዚያ ገላባት ሌላ 150 አካባቢ። ናፍጣው 200 ሁለቱ ታንኮች ሲሞሉ 138 ሊትር ይይዛል፤ በመቶ ኪሎ ሜትር 12 ሊትር ብንይዝለት ደርሶ መልሱን ይጨርሳል፤ ማደያ በደረቀበት አገር ይህ ትልቅ ነገር ነው። ክረምት ላይ ከአስፋልቱ ወጥቶ የገዳሪፍን ጥቁር አፈር ሲረግጥ ግን ከ2.6 ቶን ያላነሰ ክብደቱ እንደ ታረደ ሠንጋ ይተኛል። ከብት ወዳለበት ሰፈር ለመግባት ቀለል ያለ ፒክአፕ ይሻላል።

አሻግሬ አገር ቤት እሸጠዋለሁ ለሚል ሰው ዕድሉ ጠብቧል። በአዋጅ 1186/2012 መሠረት ከ1,800 ሲሲ በላይ የሆነ አዲስ መኪና ኤክሳይዙ 100 በመቶ ነው፤ ከ7 ዓመት በላይ ያገለገለ ደግሞ እስከ 500 በመቶ ይደርሳል። ከጥር 2016 ዓ.ም. ወዲህ መንግሥት በቤንዚንና በናፍጣ የሚሠራ የግል አውቶሞቢል እንዳይገባ ከልክሏል። በሱዳን ሰሌዳ በጊዜያዊ ፈቃድ መግባት ሌላ ጉዳይ ነው፤ ተመልሶ መውጣት አለበት። በሞያሌ በኩል የምትሠሩ ደግሞ የኬንያው ርካሽ ላንድክሩዘር መሪው በቀኝ መሆኑን አትርሱ፤ እኛም ሱዳንም በቀኝ መንገድ ስለምንነዳ ለሁለታችንም አይሆንም።

እኔን ብትጠይቁኝ፣ ሱዳን ውስጥ ቢሮና አጥር ያለው፣ በዓመት ብዙ ጊዜ ገዳሪፍና ፖርት ሱዳን የሚመላለስ ነጋዴ፣ ወረቀቱ የጠራ ናፍጣ 200 ቢገዛ አልቃወመውም። ገንዘብ ለማስቀመጥ ብሎ የሚገዛውን ግን እለምነዋለሁ። ሠንጋ በሦስት ወር ደልቦ ይሸጣል፤ ቪኤይቱ በሦስት ወር ውስጥ ኬላ ላይ መሣሪያ የያዘ ሰው «ውረድ» ሊለው ይችላል።

ይህን ስጽፍ ስልኬን አየሁ። ደላላው ሰባተኛ ፎቶ ልኳል፤ የጣሪያው መስኮት ተከፍቶ። የሻንሲውን ቁጥር እስካሁን አልላከም።