ከፒያኖው ጋር የሚያንጎራጉረው ማነው?

የእህቴ ልጅ የግሌን ጉልድን «ጎልድበርግ ቫሪየሽንስ» በጆሮ ማዳመጫ ሲሰማ ጥቂት ቆየና ፊቱን አጨማደደ። «ጋሼ፣ ሌላ ጣቢያ የገባበት ይመስለኛል፤ ሰው ያንጎራጉራል» አለኝ። የገባበት ጣቢያ የለም። የሚያንጎራጉረው ፒያኒስቱ ራሱ ነው።

ካናዳዊው ጉልድ ይህን የባኽ ሥራ የቀዳው በሰኔ 1955 (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)፣ ኒውዮርክ 30ኛው መንገድ ላይ ይገኝ በነበረ፣ ቀድሞ ቤተ ክርስቲያን በነበረ የኮሎምቢያ ስቱዲዮ ውስጥ ነው። ያኔ 22 ዓመቱ ነበር። እየተጫወተ ማንጎራጎር ከልጅነቱ የተጣባው ልማድ ስለሆነ ቴክኒሻኖቹ ማይክሮፎኑን ቢያዞሩም ቢያርቁም ድምፁን ማጥፋት አልሆነላቸውም። ወንበሩም ሌላ ጣጣ ነበር። አባቱ እግሮቹን ቆርጠው ያሳጠሩለት ታጣፊ ወንበር ነው፤ መቀመጫው ከወለል 35 ሴንቲ ሜትር ያህል ብቻ ከፍ ይላል። በሄደበት ሁሉ ይዞት ይዞራል፤ ወንበሩም እያረጀ ሲሄድ ሲጢጥ ማለቱን አላቆመም። በ1964 የኮንሰርት መድረክን እርግፍ አድርጎ ትቶ ስቱዲዮ ከገባ በኋላ የተመልካች ሳል ቀረለት፤ የራሱ ድምፅ ግን ተከትሎት ገባ።

እኔ ዕድሜዬን የፈጀሁት በሬዲዮ ድምፅ ክፍል ውስጥ የቴፕ ክር በምላጭ እየቆረጥኩና እየቀጠልኩ ነው። የመጀመሪያው አለቃዬ ለአዲስ ገቢ ሁሉ የሚሰጡት ትእዛዝ አንድ ነበር፦ «ሳሉን ቁረጥ፣ ትንፋሹን ተው። ትንፋሹን ከቆረጥክበት ሰውዬውን ገደልከው።» ስለ ፒያኖ ቅጂም የማምነው ይህንኑ ነው፤ እንዲያውም እዚያ ሳሉንም አልቆርጥም። ኮሽታ በሰማን ቁጥር መጀመሪያ መጠየቅ ያለብን «የማን ነው?» ብለን ነው።

ለመሆኑ ፒያኖ ላይ ኮሽታ ይህን ያህል ጎልቶ የሚሰማው ለምንድን ነው? ቫዮሊን ቀስቱ እስካልተነሣ፣ ኦርጋን ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ ድምፁን ይዞ ይቆያል። የፒያኖ ድምፅ ግን መዶሻው ክሩን መትቶ ከተመለሰበት ቅጽበት ጀምሮ እየሞተ ይሄዳል። በሁለት ምቶች መካከል በሚቀረው ክፍተት ሌላው ሁሉ ብቅ ይላል። በዚያ ላይ ማይክሮፎን መናቅ አያውቅም። አዳራሽ ውስጥ ስንቀመጥ ዓይናችን ፒያኒስቱ ላይ ነው፤ ሁለቱ ጆሮዎቻችንም ሳሉ ከኋላ በግራ በኩል እንደመጣ ለይተው ያውቁታል፤ አእምሯችንም ያልፈዋል። ማይክሮፎኑ ሳሉንም ሙዚቃውንም እኩል ይቀዳና በአንድ ላይ ያቀርብልናል።

አንዳንዱ ኮሽታ የመሣሪያው ነው። የቀኙ ፔዳል ሲረገጥ ክሮቹን አፍነው የያዙት የሱፍ ንጣፎች በአንድ ጊዜ ይነሣሉ፤ እግር ከቸኮለ የአየር ሹክታ ይሰማል። ጥፍር ቁልፉን ይነካል፤ የተለቀቀው ቁልፍም ወደ ቦታው ሲመለስ ድም ይላል። ጉልድ በጣም የሚወደው «ሲዲ 318» የተባለ ስታይንዌይ ነበረው። እንደ ልቡ እንዲፈጥንለት አሠራሩን ሲያስነካካው መካከለኛዎቹ ድምፆች ላይ ስቅታ የመሰለ ነገር አመጣ። የባኽን «ኢንቬንሽኖች» በዚያው ፒያኖ ቀዳ፤ ስለ ስቅታው ከሸክላው ጋር በወጣው ጽሑፍ ለገዢው ተነግሮታል።

አንዳንዱ ደግሞ የሰውና የቤቱ ነው። ስቪያቶስላቭ ሪኽተር በየካቲት 1958 ሶፊያ ላይ የሙሶርግስኪን «ሥዕሎች በኤግዚቢሽን» ሲጫወት ተመልካቹ የክረምት ጉንፋን ይዞት ሲስል አመሸ፤ ቅጂው እስከ ዛሬ ይስላል። ያም ሆኖ የዚህን ሥራ ታላላቅ ቅጂዎች የሚቆጥሩ ሰዎች አይዘሉትም። ለንደን የነበረው ኪንግስዌይ አዳራሽ ደግሞ በድምፁ ጥራት ስመ ጥር ቢሆንም ከሥሩ የከተማው የምድር ውስጥ ባቡር ያልፍ ነበር። እዚያ የተቀዱ ሥራዎችን በጥሩ ድምፅ ማጉያ ብታዳምጡ ባቡሩ ከታች ሲያጉረመርም ትሰማላችሁ።

የሦስተኛው ዓይነት ባለቤት የቀጂው ማሽን ነው። አርቱር ሽናብል ከ1932 ጀምሮ 32ቱን የቤቶቨን ሶናታዎች ለንደን በሚገኘው አቤይ ሮድ ስቱዲዮ ሲቀዳ የሸክላው አንድ ገጽ ከአራት ደቂቃ ብዙም አያልፍም፤ መርፌው ሲሄድበትም ይንሿሿል። ቴፕ ሲመጣ ሹሹታው ቀነሰ እንጂ አልጠፋም። ሌላ ጉድም አመጣ፦ የተጠቀለለው ክር ማግኔታዊ ድምፁን አጠገቡ ላለው ዙር ያጋባል፤ ሙዚቃው ሳይጀምር የመጀመሪያው ምት ጥላ በሩቁ ይሰማል። ሬይ ዶልቢ በ1965 ድርጅቱን ለንደን ውስጥ አቋቁሞ ዝግተኛውን ድምፅ ሲቀዳ የሚያጎላ፣ ሲያጫውት መልሶ የሚያወርድ ዘዴ አቀረበ፤ ቴፑ የጨመረው ሹሹታም አብሮ ይወርዳል። ዲጂታል ሲመጣ ሹሹታው ለቀቀ፤ ከሥሩ ተሸፍኖ የነበረው ትንፋሽና ወንበር ግን ጎልቶ ወጣ። ጉልድ ያንኑ የባኽ ሥራ በ1981 በአዲሱ መሣሪያ ደግሞ ሲቀዳ እንጉርጉሮው ከፊተኛው ይበልጥ ጥርት ብሎ ተሰማ።

ማሽን የጨመረውን ማሽን ቢያነሣው ቅር አይለኝም። ችግሩ ልኩን ማወቅ ላይ ነው። የፒያኖ ድምፅ እየደከመ ሄዶ መጨረሻው ሹሹታው ውስጥ ይገባል፤ ሹሹታውን ከሥሩ የነቀለ ሰው የድምፁን ጭራ አብሮ ይቆርጣል። የሰውና የቤት ኮሽታ ግን ከነአካቴው ባይነካ እመርጣለሁ። እማሆይ ጽጌ ማርያም ገብሩ በ1977 እና በ1985 መካከል አዲስ አበባ በቤተሰባቸው ቤት ፒያኖ እየተጫወቱ በአማርኛ የዘመሯቸውንና በካሴት የቀዷቸውን ሥራዎች አስቡ። በመጋቢት 2023 ኢየሩሳሌም ውስጥ በ99 ዓመታቸው ካረፉ በኋላ በ2024 «ሱቬኒርስ» በሚል ርእስ ወጡ። በመስኮት የሚገባ የወፍ ድምፅና የመቀመጫው ሲጢጥታ አለባቸው። ወፎቹን አጥራልኝ የሚል ደንበኛ ቢመጣ ሥራውን አልቀበልም፤ ያ ድምፅ ዘፈኑ የት እንደተቀዳ የሚናገር ምስክር ነው።

አንድ የድሮ ቅጂ በሁለት ዓይነት እትም ካገኛችሁ እንዲህ አድርጋችሁ ፈትኑት። ዝግ ያለ ክፍል ምረጡ፤ የመጨረሻውን ምት ጠብቁ። ድምፁ ቀስ በቀስ ደክሞ ከጠፋ ሹሹታው ቢኖርበትም እሱን ግዙ። በር እንደተዘጋበት ድርግም ካለ ግን፣ የፈለገውን ያህል ንጹሕ ቢሆን፣ የከፈላችሁበት ሙዚቃ ጎድሎባችኋል።