ዲስሌክሲያ በአዋቂ ሰው ሕይወት፦ የቢላዋ ሠሪው ሙያ እንደ ምሳሌ

መግቢያ

ዲስሌክሲያ ሲነሳ ብዙውን ጊዜ ወደ አእምሮ የሚመጣው የአንደኛ ደረጃ ተማሪ ነው። ሆኖም ይህ የንባብ እክል ከልጅነት ጋር የሚያልፍ አይደለም። ልጁ አድጎ ሙያ ሲይዝ፣ ቤተሰብ ሲመሠርት፣ ታሞም ወደ ጤና ተቋም ሲመጣ አብሮት ይኖራል። በዚህ ጽሑፍ በአሜሪካ በትዕዛዝ ቢላዋ የሚሠሩ ሰዎች ሙያ በምሳሌነት ተወስዶ፣ እክሉ በአዋቂ ሰው ሥራና ኑሮ ላይ የሚያስከትለው ጫና እና ከጤና ባለሙያው የሚጠበቀው ድርሻ ይብራራል። ሙያው የተመረጠው በአንድ በኩል ችሎታ ከወረቀት ይልቅ በእጅ ሥራ የሚመዘንበት፣ በሌላ በኩል ደግሞ ንባብ ባልተጠበቀ ቦታ የሚያጋጥምበት በመሆኑ ነው። በጽሑፉ የተጠቀሱት ዓመታት፣ ካልተገለጸ በቀር፣ እንደ አውሮፓ አቆጣጠር ናቸው።

የዲስሌክሲያ ምንነት

“ዲስሌክሲያ” የሚለውን ቃል በ1887 የተጠቀመበት ጀርመናዊው የዓይን ሐኪም ሩዶልፍ በርሊን ሲሆን፣ እርሱ የገለጸው በአንጎል ጉዳት ምክንያት የማንበብ ችሎታቸው የተዳከመ አዋቂዎችን ነበር። አብሮ የሚወለደውን ዓይነት በተመለከተ እንግሊዛዊው ሐኪም ፕሪንግል ሞርጋን በ1896 በብሪቲሽ ሜዲካል ጆርናል ያወጣው ጽሑፍ በስፋት ይጠቀሳል። ፐርሲ የተባለው የ14 ዓመት ልጅ ብልህና በሒሳብ ጎበዝ ሆኖ ሳለ ማንበብ አልሆነለትም፤ የገዛ ስሙን እንኳ ሲጽፍ ፊደላቱን አቀያይሮ ስህተቱን አላስተዋለም። መምህሩ ግን ትምህርቱ በሙሉ በቃል ቢሰጥ ኖሮ ከትምህርት ቤቱ ልጆች ሁሉ እንደሚበልጥ መስክሮለታል።

በአሁኑ ጊዜ ዲስሌክሲያ ቃላትን በትክክልና በቅልጥፍና ለማንበብ የሚያስቸግር የነርቭ ሥርዓት እድገት እክል መሆኑ ይታወቃል። መንስኤው የማሰብ ችሎታ ማነስ፣ የዓይን ሕመም ወይም የስንፍና ውጤት አይደለም። ከጥር 2022 ጀምሮ በሥራ ላይ የዋለው የዓለም ጤና ድርጅት 11ኛው የበሽታዎች ምደባም በዚሁ ረድፍ አስቀምጦታል። ከሕዝቡ ከ5 እስከ 10 በመቶ የሚሆነው እክሉ እንዳለበት በአብዛኛው ይገመታል። በቤተሰብ ውስጥ የመደጋገም ባሕርይ ያለው ሲሆን፣ በመንትዮች ላይ የተደረጉ ጥናቶችም የዘር ውርስ ከፍተኛ ድርሻ እንዳለው አሳይተዋል።

በአብዛኞቹ ሰዎች ዘንድ የችግሩ ሥር የንግግር ድምፆችን ለይቶ መያዝና ከፊደል ጋር ማዛመድ ላይ ነው። “ዲስሌክሲያ ያለበት ሰው ፊደል ተገልብጦ ይታየዋል” የሚለው የተለመደ አባባል ስለዚህ ስህተት ነው። የአሜሪካ የሕፃናትና የዓይን ሐኪሞች ማኅበራት በ2009 ባወጡት የጋራ መግለጫ፣ ባለቀለም መነጽርና የዓይን እንቅስቃሴ ልምምድ እክሉን ስለማከማቸው ሳይንሳዊ ማስረጃ እንደሌለ አስታውቀዋል።

የቢላዋ ሥራ የሚጠይቀው ዕውቀት

ቢላዋ ሠሪው ብረቱን በምድጃ አግሎ በመዶሻ ይቀጠቅጠዋል፤ ቅርጽ ካስያዘው በኋላ እንደገና አግሎ በዘይት ውስጥ በድንገት ያቀዘቅዘዋል። በዚህ ጊዜ ብረቱ እጅግ ጠንካራ ሆኖም እንደ ብርጭቆ በቀላሉ የሚሰበር ይሆናል። ስለዚህ 200 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ገደማ በሆነ ሙቀት ለሰዓታት በማቆየት ጥንካሬው በመጠኑ እንዲለዝብ ይደረጋል። ከዚያም ስለቱን ማውጣትና እጀታውን መግጠም ይከተላል።

በዚህ ሂደት ብዙው ዕውቀት የሚገኘው በዓይን፣ በጆሮና በእጅ ነው። የጋለ ብረት ቀለም የሙቀቱን መጠን ይናገራል፤ 770 ዲግሪ ገደማ ሲደርስ ደግሞ ማግኔት አይስበውም። ባለሙያው ይህን ምልክት ተመልክቶ በዘይት የሚነክርበትን ጊዜ ይወስናል።

በ1976 የተቋቋመው የአሜሪካ ቢላዋ ቀጥቃጮች ማኅበር የሚሰጠው የተግባር ፈተናም ይህንኑ ያንጸባርቃል። ተፈታኙ በሠራው ቢላዋ አንድ ኢንች ውፍረት ያለው የተንጠለጠለ ገመድ በአንድ ምት ይቆርጣል፤ ጣውላ ይከትፋል፤ ከዚያም በዚያው ስለት ፀጉር ይላጫል። በመጨረሻ ቢላዋው እስከ 90 ዲግሪ ሲታጠፍ ለሁለት መሰበር የለበትም። ትምህርት ቤት ለዓመታት “ወደቅህ” ሲለው የኖረ ሰው በእንዲህ ዓይነት ፈተና ሲያልፍ ምን እንደሚሰማው ለመገመት አያዳግትም።

ይሁን እንጂ ከዚህ ተነስቶ “ዲስሌክሲያ ያለባቸው ሰዎች የተለየ የእጅና የቅርጽ ተሰጥኦ አላቸው” ብሎ መደምደም አይገባም። በዚህ ረገድ የተደረጉት ጥናቶች ወጥ ውጤት አላሳዩም። ልዩ ተሰጥኦ እንዳለው የተነገረው፣ ነገር ግን ያላገኘው ልጅ ሁለተኛ ውድቀት ይደርስበታል።

ንባብ ወደ ሥራ ቤቱ ሲገባ

የእጅ ሙያ ከንባብ ማምለጫ ተደርጎ ቢታሰብም ንባብ ሙያተኛውን ተከትሎ ይገባል። በአሜሪካ አረብ ብረት የሚለየው በቁጥር ነው። 1084 የተባለው 0.84 በመቶ ገደማ ካርቦን ያለው ሲሆን፣ 1048 ግን ከግማሽ በመቶ ያነሰ ይይዛል። ዲስሌክሲያ ያለባቸው ብዙ ሰዎች ተከታታይ ቁጥሮችን በአእምሮ ይዞ ማቆየት ስለሚከብዳቸው፣ ሁለት አኃዞች ቢቀያየሩ የቀናት ልፋት ውጤት ስለቱን የማይዝ ቢላዋ ይሆናል። ደንበኛው ስሙ በቢላዋው ላይ እንዲቀረጽለት ሲያዝም ፐርሲን የገጠመው ስህተት በብረት ላይ ሊደገም ይችላል፤ በብረት ላይ የተቀረጸ ደግሞ እንደ እርሳስ ጽሑፍ አይጠፋም።

ለጤና ባለሙያው ይበልጥ አሳሳቢ የሚሆነው የደኅንነት መረጃ ነው። ቢላዋ ሠሪው ብረት የሚያነድዱ ኬሚካሎችንና ኃይለኛ ማጣበቂያዎችን ይጠቀማል፤ የብረትና የእንጨት ብናኝም ይተነፍሳል። ለእጀታ የሚመረጠው እንደ ኮኮቦሎ ያለ የሐሩር አገር እንጨት ብናኝ የቆዳ አለርጂ ያስከትላል። ስለ ኬሚካሎቹ የሚያስጠነቅቀው የደኅንነት መረጃ ሰነድ ግን 16 ክፍሎች ያሉት፣ ቃላቱ የረቀቁ ጽሑፍ ነው።

የ1990ው የአሜሪካ የአካል ጉዳተኞች ሕግ 15ና ከዚያ በላይ ሠራተኞች ያሏቸው አሠሪዎች ለእንዲህ ዓይነት ሠራተኞች ተገቢ ማመቻቸት እንዲያደርጉ ያስገድዳል። ብቻውን የሚሠራ ሙያተኛ ግን አሠሪ ስለሌለው ማመቻቸቱን ለራሱ መፍጠር አለበት። የብረቶቹን ጫፍ በተለያየ ቀለም መለየት፣ የሚቀረጸውን ስም ደንበኛው ራሱ እንዲጽፈው አድርጎ በላዩ መገልበጥ፣ ጽሑፍን በድምፅ በሚያነብ ስልክ መጠቀም ከሚጠቅሙት ዘዴዎች መካከል ናቸው።

በምርመራ ክፍል

እንዲህ ያለ ሰው ወደ ሐኪም ሲቀርብ ችግሩን አይናገርም። “መነጽሬን ረስቻለሁ”፣ “ቅጹን ቤት ወስጄ ልሙላው” ይላል፤ ወይም ባለቤቱ እንድትሞላለት ያደርጋል። መድኃኒቱን በትክክል ሳይወስድ ሲቀር ደግሞ “ግዴለሽ ታካሚ” ተብሎ ይመዘገባል። ጭንቀትና ድባቴም እክሉ ባለባቸው ሰዎች ዘንድ በብዛት ይታያሉ።

በመሆኑም የሚከተሉትን ማድረግ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ሳያሸማቅቁ መጠየቅ፦ “በልጅነትዎ ንባብ ሲማሩ ተቸግረው ነበር? ረጅም ጽሑፍ ሲያነቡ ይደክምዎታል? ከቤተሰብዎ እንዲህ የሚቸገር አለ?”

ሁለተኛ፣ የኖረውን ከአዲሱ መለየት። ቀድሞ ያለ ችግር ያነብ የነበረ ሰው በድንገት ማንበብ ካቃተው ዲስሌክሲያ ነው ተብሎ መታለፍ የለበትም፤ የአንጎል ደም ሥር አደጋና ሌሎች የአንጎል ጉዳቶች በአስቸኳይ መመርመር አለባቸው። የዓይን ምርመራም መዘንጋት የለበትም።

ሦስተኛ፣ ስህተትን ብቻ ሳይሆን ዘገምተኝነትንም ማስተዋል። ፊደልና ድምፅ በቅርብ በሚዛመዱባቸው ቋንቋዎች፣ ለምሳሌ በጣሊያንኛ፣ እክሉ ከስህተት ይልቅ በንባብ መጓተት ይታያል። የአማርኛ ፊደልም ድምፅን በአመዛኙ በቀጥታ ስለሚወክል ይህ ነጥብ ትኩረት ይሻል። በሌላ በኩል መጥበቅና መላላት ስለማይጻፍ፣ “ገና” በዓሉ ይሁን “እስካሁን” አንባቢው የሚለየው ከዐረፍተ ነገሩ ነው።

አራተኛ፣ የመድኃኒት አወሳሰድን በቃል አስረድቶ ታካሚው በራሱ አነጋገር መልሶ እንዲናገር ማድረግ። ቢላዋ ሠሪ ለሆነ ታካሚ ስለ አቧራ መከላከያ ጭምብል በራሪ ወረቀት ከመስጠት፣ አጠቃቀሙን ማሳየትና እርሱም አድርጎ እንዲያሳይ መጠየቅ ይሻላል።

ማጠቃለያ

በአገራችን ብረት ሠሪ “ቀጥቃጭ” እየተባለ ሲሰደብ ኖሯል፤ ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የእጅ ባለሙያዎች በሥራቸው እንዳይሰደቡ ማወጃቸው ይታወቃል። ዛሬም ማንበብ ያልሆነለትን ልጅ ወላጆች ይዘው ሲመጡ “ትምህርት አይገባውም፤ የእጅ ሥራ ይማር” የሚል ምክር መስጠት ሙያውንም ልጁንም ዝቅ ያደርጋል። ሙያው በቂ የማሰብ ችሎታ ይጠይቃል፤ ልጁም ፊደልን ከድምፅ ጋር ደረጃ በደረጃና በግልጽ በሚያዛምድ ትምህርት ንባቡን ሊያሻሽል ይችላል። ሙያን በፍላጎቱ ይምረጥ፤ የንባብ እርዳታ ግን ሙያ በመምረጡ ሊቋረጥበት አይገባም። አዋቂ ሆኖ ለመጣውም ታካሚ የጤና ባለሙያው ቀዳሚ ድርሻ፣ የሚሰጠው መመሪያ ያለ ንባብም የሚገባ መሆኑን ማረጋገጥ ነው።