የአፈር ግድብ ማስተንፈሻ

ግድብ ሲባል ዓይናችን ወደ ሲሚንቶ ይሮጣል። እኔ የምወደው ግን ጅረት ላይ የሚሠራውን፣ ከሦስት ሰው ቁመት የማይበልጠውን የአፈር ግድብ ነው። የከፋን ምድር የሚያውቅ ይረዳኛል። በቦንጋ ዙሪያ ዝናቡ በዓመት ከ1,500 ሚሊ ሜትር ይበልጣል። ደን በሸፈነው ቁልቁለት ላይ ውሃው በቅጠልና በሥር ተይዞ ቀስ ብሎ ይወርዳል። ደኑ በተመነጠረበት ግን ያው ዝናብ ጅረቱን በአንድ ከሰዓት ያሳብደዋል፤ እንሰቱንም የቡና ችግኙንም ጠርጎ ይሄዳል።

አሠራሩ ቀላል ነው። የላይኛው ለም አፈር ይገፈፋል፣ ከሥር ቦይ ተቆፍሮ በሸክላ አፈር ይሞላል፤ ከዚያ እርጥብ አፈር በስሱ እየተነጠፈ በየንጣፉ ይጠቀጠቃል። በግርጌው ሁልጊዜ ክፍት የሆነ ቱቦ ያልፋል። ግድቡ ጎርፉን ይቀበልና በቱቦው በዝግታ ይለቀዋል። በበጋ ደርቆ ብታዩት «ውሃ የማይዝ ግድብ» አትበሉት፤ ለሚቀጥለው ጎርፍ ቦታ ይዞ እየጠበቀ ነው።

ብዙ ሰው የግድቡ ጥንካሬ በክምሩ ውፍረት ይመስለዋል። ነፍሱ ያለችው ግን በማስተንፈሻው ነው፦ ከአናቱ ዝቅ ብሎ፣ ከክምሩ ጎን ባልተነካ መሬት ላይ የሚቆፈር ሰፊ ቦይ። ቱቦው ያቃተው ውሃ በዚያ ይወጣል። አፈር ውሃ በአናቱ ሲያልፍበት አይችልም። ውሃው መጀመሪያ የጀርባውን ግርጌ ይበላል፤ መሸርሸሩ እየወጣ አናቱ ላይ ሲደርስ የተጠራቀመው ሁሉ በአንድ ጊዜ ይለቀቃል። ጎርፍ ሊመልስ የተሠራው ግድብ ከጎርፉ የባሰ ጎርፍ ይሆናል።

በአሜሪካ ፔንሲልቬኒያ የሳውዝ ፎርክ የአፈር ግድብ በ1889 እ.ኤ.አ. የፈረሰው እንዲህ ነው። የግርጌ ቱቦዎቹ ቀድመው ተነቅለው ነበር። አናቱ ሠረገላ እንዲያልፍበት ዝቅ ተደርጎ፣ ማስተንፈሻው ላይ ዓሣ እንዳያመልጥ ወንፊት ተተክሎበት ነበር፤ ወንፊቱን ግንድና ቅጠል ደፈነው። ከታች በጆንስታውን 2,209 ሰው አለቀ።

ይህን የማነሳው ያንኑ ስህተት አገሬ ውስጥ ስላየሁ ነው። አንድ መንደር ውስጥ ነዋሪዎቹ የበጋ ውሃ ይጠራቀምልን ብለው የግድባቸውን ቱቦና ማስተንፈሻ አፈር በሞላ ጆንያ ደፍነውት አገኘሁ። አናቱን የከብት መንገድ አድርገው መሃሉን አጎድጉደውታል፤ ጀርባው ላይ ባሕር ዛፍ ቆሟል።

«አባቴ፣ ይህ ዛፍ ግድቡን ይጎዳዋል» አልኳቸው አንድ አዛውንትን።

«ሥሩ አፈሩን ይይዘዋል እንጂ፣ ልጄ።»

ዳገት ላይ ቢሆን እውነታቸውን ነው። ግድብ ላይ ግን ዛፉ ተቆርጦ ሥሩ ሲበሰብስ ለውሃ መሹለኪያ ይተዋል። ለግድብ የሚበጀው ጥቅጥቅ ያለ ሣር ነው።

እባካችሁ፣ ዝናቡ ጋብ በሚልበት በታኅሣሥና በጥር ማስተንፈሻችሁን ጥረጉ፤ የጎደጎደውን አናት ሞልታችሁ ጠቅጥቁ፤ ከብቱን በሌላ በኩል አሳልፉ። የግማሽ ቀን ደቦ ይበቃዋል። በዚያች መንደር የመጀመሪያውን ጆንያ ጎትተው ያወጡት እኚያው አዛውንት ነበሩ።