በአጭር ሜዳ የምታርፈው አውሮፕላንና የደጋው ስስ አየር

መርሐቤቴን የጀማና የወንጪት ወንዞች ገደል ከጎረቤቶቿ ለይቷታል። ከዓለም ከተማ ወደ አዲስ አበባ የሚጓዝ ሰው መጀመሪያ ወደ ጀማ ቆላ መውረድ፣ ከዚያም የማዶውን አቀበት መውጣት ግድ ይለዋል። ማዶ ለማዶ እየተያዩ ለመገናኘት ብዙ ሰዓት የሚያስጉዙ መንደሮች በአካባቢው ብርቅ አይደሉም። እንዲህ ላለው አገር ታስባ የተሠራች የምትመስል አንዲት አነስተኛ አውሮፕላን አለች፤ ስሟ ትዊን ኦተር ይባላል።

ትዊን ኦተር የካናዳው ደ ሃቪላንድ ኩባንያ ሥራ ስትሆን ለመጀመሪያ ጊዜ የበረረችው ግንቦት 12 ቀን 1957 ዓ.ም. ነው። ባለሁለት ሞተር ናት፤ እስከ 19 መንገደኛ ትይዛለች። ክንፏ ከመንገደኛው ክፍል በላይ በመሆኑ ሞተሮቿና ፕሮፔለሮቿ ከጠጠርና ከድንጋይ ይርቃሉ። እግሮቿ አይታጠፉም፤ ለሸካራ ሜዳ ተብለው የጠነከሩ ናቸው። ለማረፍ ስትቃረብ የክንፏ የኋላ ጠርዝ በሰፊው ወደ ታች ይታጠፍና በዝግታ እየበረረችም እንዳትወድቅ ይደግፋታል። መሬት ከነካች በኋላ ደግሞ ፕሮፔለሮቿ አየሩን ወደ ፊት እየገፉ ያቆሟታል። በባሕር ጠለል ከፍታ ላይ 400 ሜትር በማይሞላ ርቀት ትነሣለች።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ ገጠሩን ማገልገል የጀመረው ከዚህች አውሮፕላን ቀደም ብሎ ነው። መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. የመጀመሪያ በረራውን ወደ ካይሮ ያደረገባቸው የዳግላስ አውሮፕላኖች በአገር ውስጥም በሣርና በአፈር ሜዳ ላይ ሲያርፉ ኖረዋል። ትዊን ኦተርም በኋላ ይህንኑ ሥራ ተጋርታለች።

ማረፊያ በሌለበት ግን ምን ይደረጋል? የዚህ መልስ በ1977 ዓ.ም. ድርቅ ወቅት በራቤል ታይቷል። የእንግሊዝ አየር ኃይል ሄርኩለስ አውሮፕላኖች ለመሬት እጅግ ቀርበው እየበረሩ፣ በድርብርብ ጆንያ የታሸገ እህል ከደጋው ሜዳ ላይ ጥለዋል። የፖላንድ ሄሊኮፕተሮችም በሥራው ተባብረዋል። እህል ከአየር ይጣላል፤ ምጥ የጠናባትን እናት ወደ ሆስፒታል ለማድረስ ግን የሚያርፍ አውሮፕላን ያስፈልጋል።

በደጋ ማረፍና መነሣት የራሱ ፈተና አለው። ዓለም ከተማ ከባሕር ጠለል በላይ 2,200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ትገኛለች። በዚህ ከፍታ አየሩ ከባሕር ጠለሉ በአንድ አምስተኛ ያህል ይሳሳል። የሳሳ አየር ክንፉን በሚገባ አያነሣም፣ ፕሮፔለሩ የሚገፋው አየር ያንሰዋል፣ የሞተሩም ጉልበት ይቀንሳል፤ ሦስቱም ጉድለቶች በአንድ ጊዜ ይመጣሉ። ቀትር ላይ ፀሐይ ሲበረታ አየሩ ይብሱን ይሳሳል። ስለዚህ አብራሪው ወይ ረዘም ያለ ሜዳ ይሻል፣ ወይ ጭነት ይቀንሳል፣ ወይም ማልዶ ይነሣል። በኔፓል የምትገኘው ሉክላ ከ2,800 ሜትር በላይ ከፍታ ላይ ሆና ማኮብኮቢያዋ 527 ሜትር ብቻ ነው። ይህ የሚበቃት በተዳፋት ላይ ስለተሠራ ነው፤ አውሮፕላኖች አቀበቱን ይዘው ያርፋሉ፣ ቁልቁለቱን ይዘው ይነሣሉ።

የአውሮፕላኗ ብርታት አደጋን አያስቀርም። የውስጧ የአየር ግፊት እንደ ትልልቆቹ ስለማይጠበቅ እጅግ ከፍ ብላ አትበርም፤ በክረምት ከደመናና ከተራራ ጋር ትጋፈጣለች። ነሐሴ 1 ቀን 1981 ዓ.ም. አሜሪካዊውን የምክር ቤት አባል ሚኪ ሌላንድን ጨምሮ 16 ሰዎችን አሳፍራ ከአዲስ አበባ ወደ ፉኝዶ የስደተኞች መጠለያ ያመራች ትዊን ኦተር በጋምቤላ አቅራቢያ ከተራራ ጋር ተጋጭታ ሁሉም ሕይወታቸው አልፏል። ስብርባሪዋ የተገኘው ከስድስት ቀን ፍለጋ በኋላ ነበር።

በደጋ አካባቢ እንዲህ ያለ ማረፊያ ይሠራ ቢባል፣ ከርዝመቱ ይልቅ የአፈሩ ነገር ቀድሞ ሊታይ ይገባል። መረሬ መሬት በጋ ላይ ይሰነጠቃል፣ ሐምሌና ነሐሴ ጎማ ይውጣል። ውኃ የሚያስወግድ ቦይና የጠጠር ንጣፍ ከሌለው፣ መንገዱ በጎርፍ በሚቆረጥበትና አውሮፕላኗ በብርቱ በምትፈለግበት ወቅት ሜዳው ራሱ ይዘጋል። ከብት እንዳይገባ ማጠርም የግድ ነው።